ገለባ ላይ የቆመች መኪና

ይትባረክ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ የመኪናዋን ሆድ በካቻቢቴ ሲነካካ፣ ኃይለሚካኤል ከላይ ቆሞ ድምፅ ይጠብቅ ነበር። ብረት ለብረት መልስ ሲሰጥ የሚሰማውን ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ። አንዴ ሰማው። ሁለተኛም ሰማው። በሦስተኛው ምንም አልተሰማም።

«ጋሼ» አለ ይትባረክ ከሥር።

«ምን አገኘህ?»

«ይውረዱና በዓይንዎ ይዩት።»

«ጉልበቴን እያወቅህ! ዝም ብለህ ንገረኝ።»

ይትባረክ መንገሩን ትቶ ካቻቢቴውን ሽቅብ ገፋው። የኋላው በር ተከፍቶ ነበርና ኃይለሚካኤል ወደ ውስጥ ሲያይ፣ የወለሉ ምንጣፍ በአንድ ቦታ እንደ ድንኳን ብድግ አለ። ከምንጣፉ ሥር የሚገፋው የካቻቢቴው ጫፍ ነበር። ብረቱን አልፎት መጥቷል።

ይትባረክ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚያወጣው መንገድ ዳር ጋራዥ ከከፈተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ይህችን ጥቁር የጀርመን መኪና ላለፉት ስምንት ዓመታት ሲያክማት የኖረው እሱ ነው። ከጉድጓዱ ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ሞተሯ ደህና ነው» አለ። «ሞተሯ እኔንም እርስዎንም ይቀብራል። ያለቀው ሥጋዋ ነው።»

«ፍሬኑስ?»

«የፍሬን ዘይት የሚሄድባትን ቱቦ አሁን ይዟት ያለው ዝገቱ ራሱ ነው። እሷን እቀይራለሁ፤ ቀላል ናት። ግን የኋላ እግሯ የታሰረበት ብረትም እንደ ወለሉ ነው። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዙ፣ እርስዎ ወደ ቴፒ፣ የኋላ እግሯ ወደ ጫካ ትሄዳላችሁ።»

«ቢበየድስ?»

«ምን ላይ ልበይደው ጋሼ? ብየዳም የሚይዘው ብረት ይፈልጋል። ይሄ ብስኩት ነው።» ከዚያ መዳፉን ዘረጋ። «ደግሞ ይሄ ምንድነው? ሆዷ ላይ በሙሉ ተለጥፏል።»

መዳፉ ላይ ያለው ጥቁር፣ እርጥብ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ነገር ነበር። ኃይለሚካኤል በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ማሽተት እንኳ አላስፈለገውም። የቡና ገለባ ነው። ሻግቷል። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጠቀለለውና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለምን እንደሆነ አላወቀም፤ የሠላሳ ዓመት ልማድ ይሆናል።

ኃይለሚካኤል ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የቡና ጥራት መርማሪ ነበር። ከማጂ እስከ ቴፒ ያለ ገበሬና ነጋዴ ያውቀዋል። ሥራው ሹል ብረት ጆንያው ሆድ ውስጥ ሰክቶ ናሙና ማውጣት፣ ማየት፣ መዳሰስና ማሽተት ነበር። የራሱ የሆነ ወግም ነበረው። ቡናው ደህና ሲሆን ናሙናውን በገዛ እጁ ወደ ጆንያው ይመልስና «ንጹህ ነው» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ቡናው የተበላሸ ሲሆን ግን ምንም አይልም። ናሙናውን ባለቤቱ መዳፍ ላይ ያፈስና፣ ባለቤቱ ራሱ እስኪያሸተው ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ብዙዎች ሰድበውታል፤ አንዳንዶች ፊቱ አልቅሰዋል። ዋሽቷል ያለው ግን ጥቂት ነው።

እነዚያን ሠላሳ ዓመታት የተጓዘው በፒካፕ ኋላና በጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው። ጡረታ በወጣ ዓመት ከአባቱ የወረሰውን የቡና መሬት ሸጦ አዲስ አበባ ሄደና አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለች ጥቁር መኪና ገዛ። ሚስቱ የዓለምዘርፍ «ሚኒባስ ብንገዛ ሠርታ ታበላን ነበር» ብላው ነበር። «ከእንግዲህ ሌላ ዕቃ አልጭንም፤ የምጫነው እኔ ነኝ» አላት።

መኪናዋን የመረጣት እንደ ቡና ነው። ምንጣፉን ገልጦ አሸተተ፤ ከወንበሩ ሥር አውራ ጣቱን ሰድዶ እርጥበት ፈለገ፤ የበሩን ጎማ ዳሰሰ። ደላላው «አባባ፣ የሚገዙት መኪና ነው ወይስ ጤፍ?» ብሎ ስቆበት ነበር። ኃይለሚካኤል ግን አልተሳሳተም። የዚያን ቀን መኪናዋ ደረቅ ነበረች፤ ንጹህ ነበረች። በሯ ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ ብቻውን ሰው ያስገዛል፦ ዱብ፣ እንደ ትልቅ መጽሐፍ።

እምነቱ አንድ ነበር። ቡና ዛፉ ላይ ሳለ ጥሩ ነው፤ የሚያበላሸው አያያዝ ነው። እንዲህ ተጠንቅቀው የሠሯት መኪናም አያያዟን ላወቀበት ሰው ሠላሳ ዓመት አትሞትም። ስለዚህ በግቢው ቆርቆሮ የለበሰ መጠለያ ሠራላት፤ መሬቱ ላይም ደረቅ የቡና ገለባ ስንዝር ያህል አነጠፈ። በመጋዘን ከጆንያዎቹ መደርደሪያ ሥር የሚያስነጥፈው እንደዚያ ነበር፤ ገለባው ከመሬት የሚነሳውን እርጥበት ይጠጣል። ሚዛን ላይ ዝናቡ ፋታ የሚሰጠው ጥቂት ወር ብቻ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም መኪናዋን ከቦታዋ አያንቀሳቅሳትም ነበር። «ትረፍ» ይላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጥሩ ነበሩ። ለሚካኤል ንግሥ የዓለምዘርፍን ከኋላ አስቀምጦ ወደ ሸዋ ቤንች ሲወጣ ባጃጆች መንገድ ይለቁለት ነበር። በሦስተኛው ዓመት አንዱ መስኮት ወርዶ አልመለስ አለ። በአራተኛው መኪናዋን በአየር ከፍ አድርጎ የሚይዛት ነገር ተነፈሰና፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ግመል ተንበርክካ ትገኝ ጀመር። ዕቃው አገር ውስጥ ጠፋ ተባለና ይትባረክ የሚኒባስ ሞላ ገጠመላት። ቆመች፤ እንደ ድሮዋ ከፍ ግን አላለችም። በአምስተኛው ከወንበሯ ሥር ያለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ተበላሸ፤ በአውቶቡስ ተጭኖ አዲስ አበባ ሄዶ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ጠፍታ አታውቅም። በስድስተኛው የኋላው ወንበር ቆዳ ሲሰነጠቅ፣ የዓለምዘርፍ ዓይኗ ገና ሳይከዳት በጥቁር ክር ሰፋችው። ኃይለሚካኤል ከመኪናዋ የወጣውን ዕቃ ሁሉ በካርቶን ያስቀምጥ ነበር፤ አንድ ቀን ተጠግኖ ይመለሳል በሚል።

መጋዘን ውስጥ ገለባው በየዓመቱ ተጠርጎ ይወጣና በአዲስ ይቀየራል። እሱም መጀመሪያ እንደዚያ ያደርግ ነበር። ጉልበቱ ሲደክም ግን መጥረጉን ትቶ በአሮጌው ላይ አዲሱን ይጨምር ጀመር። እሷ ዝቅ፣ ገለባው ከፍ አለ። በመጨረሻ እንደ ዶሮ ገለባዋ ላይ ተቀመጠች። ከመሬት የጠጣውን ውሃ ሁሉ ገለባው መልሶ ለሆዷ አጠጣት፤ ክረምቱን ሙሉ፣ «ትረፍ» በተባለችበት ወራት።

ኃይለሚካኤል ወደ ቤቱ በባጃጅ ተመለሰ።

የዓለምዘርፍ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። የምትለቅመው በጣቷ ነው። ቀኝ ዓይኗ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ጠፍቷል። ሐኪሙ «የዓይን ግፊት ነው» ብሏቸዋል። «የጠፋው አይመለስም። ግራው ግን ቶሎ ከተሠራ ይተርፋል፤ ከጥምቀት አታሳልፉት።» የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። እዚያ ያለችው ልጃቸው ሳባ ለጥር አምስት ቀጠሮ አስይዛለች። ለሕክምናው የሚሆን ቤታቸው ውስጥ ያለው መኪናዋ ብቻ ናት። ገዢ ተገኝቷል፤ ቅዳሜ ይመጣል። ዛሬ ረቡዕ ነው።

«በባጃጅ መጣህ» አለች። «መኪናዋስ?»

«ይትባረክ ጋ ናት።»

«ምን አለ?»

«ትንሽ ዝገት አለባት አለ። ከሥሯ።»

«ከሥሯ።» ጠጠር አገኘችና ወደ ግቢው ወረወረችው። «እኔ እኮ ነግሬሃለሁ።»

«ምን ነገርሽኝ?»

«ሽታውን። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ከሸዋ ቤንች ስንመለስ፣ ኃይሌ፣ እርጥብ ቡና ሸተተኝ፣ የሻገተ፣ ስልህ ምን አልከኝ?»

አስታወሰው። «ከኔ አፍንጫ ያንቺ ሊበልጥ ነው?» ነበር ያላት። እስከ ቤት ድረስም አላናገራትም ነበር።

«አንቺ ደግሞ የምትረሺው ነገር የለም።»

«የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ጭንቅላቴ መች ጠፋ!» ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና ጣቶቿን ምስሩ ውስጥ እንደሰደደች ቀና አለች። «ገዢው ልጅ ግን ይመጣል አይደል?»

«ይመጣል።»

«ዝገቱ አያስቀረውም?»

ኃይለሚካኤል ደረት ኪሱን ነካ አደረገ። «አያስቀረውም» አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋራዡ ደጃፍ ሲደርስ ይትባረክ ገና ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ሬንጅ ቀባልኝ» አለው ኃይለሚካኤል ሳይቀመጥ።

«ምኑን?»

«ሆዷን። ቱቦዋን ቀይር። ቀዳዳው ላይ ቆርቆሮ ለጥፍና በሬንጅ ሸፍነው። ምንጣፉንም በማስቲሽ አጣብቀው።»

ይትባረክ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ሬንጅ ብቀባው እኮ ብስኩቱ ጥቁር ብስኩት ነው የሚሆነው።»

«አውቃለሁ።»

«ገዢው ልጅ ደውሎልኛል። አሞጽ። "ጋሼ ኃይሌ ደንበኛህ ናቸው አሉ፤ መኪናዋ እንዴት ናት?" አለኝ። ልየውና እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ።»

«ጥሩ ናት በለው።»

ይትባረክ ለረጅም ጊዜ አየው። ይህን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ የገዛ አጎቱን ቡና ሳይቀር ሲመልስ አይቷል።

«እትዬ የዓለምስ እንዴት ናቸው?» አለ።

«ምስር በጣቷ ትለቅማለች።»

ይትባረክ ተነስቶ ባልዲ ፍለጋ ሄደ።

አሞጽ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙን የተኮሰ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ተወልዶ ያደገው ሸዋ ቤንች ነው፤ አሁን ቴፒ ላይ ሁለት ባጃጆች አሉት። ሐሳቡ ባጃጆቹን ሸጦ በዚህች መኪና ሙሽራ መጫን ነው። ቡናው ተለቅሞ እንዳለቀ ሠርግ ይመጣል፤ ቴፒ ውስጥ ደግሞ ሙሽራ የሚጭን እንዲህ ያለ ጥቁር መኪና የለም።

መኪናዋ ግቢው መካከል ታጥባ ቆማለች። አሞጽ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ቤተ መንግሥት እንደገባ ሰው ቀስ ብሎ ዞራት።

«ኮፈኗን ክፈትና ሞተሯን እየው» አለው ኃይለሚካኤል።

«ምን አውቄ ጋሼ? እኔ የባጃጅ ሰው ነኝ። ባጃጅ ላይ ሲበዛ ሦስት ነገር ነው ያለው፤ እሱም ሦስቱም ጎማ ነው።»

የዓለምዘርፍ ከበረንዳው ላይ ሳቀች። አሞጽ መሪው ጋ ገባና በሩን ሳበው። ዱብ። ከፈተውና እንደገና ዘጋው። ዱብ።

«ሙሽሮቹ ይቺን ድምፅ ሲሰሟት!» አለ በመስኮቱ ብቅ ብሎ።

«ባለቤትህ ደህና ናት ልጄ?» አለች የዓለምዘርፍ።

«ደህና ናት እማማ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐሴት ወሯ ገብቷል። በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ብትወስደኝ መንገድ ላይ ነው የምወልድልህ ብላ ምላለች። ለወሊድ ወደ ሚዛን የማመጣት በዚችው ነው፤ ከኋላ አጋድሜ፣ እንደ ንግሥት።»

«በሰላም ያገላግላት።»

«አሜን።»

ኃይለሚካኤል ቁልፉን በመዳፉ ይዞ ቆሟል። አሞጽ ከመኪናዋ ወርዶ ሱሪውን አራገፈና ፊቱን ኮስተር አደረገ።

«ጋሼ፣ አባቴን ያስታውሱታል? ሳህሉን፤ የሸዋ ቤንቹን።»

ኃይለሚካኤል አስታወሰው። ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ቡናው ማድረቂያ አልጋው ላይ ሳለ ዝናብ ቀድሞት፣ በእርጥቡ ጆንያ ውስጥ ከትቶ ያመጣ ረጅም፣ ዝምተኛ ገበሬ። የዓመት ምርቱን በሙሉ ነው የመለሰበት። ናሙናውን መዳፉ ላይ ሲያፈስለት ሳህሉ አሸተተ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። «እውነትህን ነው» አለና በቅሎዎቹን ወደ መጡበት አዞራቸው።

«አስታውሰዋለሁ» አለ።

«የዚያን ዓመት በቆሎ ብቻ ነው የበላነው» አለ አሞጽ፤ ፈገግ አለ። «ሰው ሁሉ ሊያጣላችሁ ሞክሮ ነበር። "ኃይለሚካኤል ከነጋዴ በልቶ ነው የመለሰብህ" ሲሉት አባቴ ምን ይላቸዋል? "የለም፤ እኔ ራሴ አሽትቼዋለሁ።" እስከ ዛሬ እኛ ቤት ነገር ሲጠረጠር "ለኃይለሚካኤል ውሰዱትና ያሽትተው" ነው የሚባለው። ሐሴት እንኳ ለምዳዋለች፤ ወተት ሲቆይባት ነው የምትለው።» ሳቀ። «እና መኪና ልገዛ ነው ስለው፣ ከማን? አለኝ። ከእርስዎ ስለው፣ "መካኒክ ምናምን አትጥራ፤ ሰውየውን መናቅ ነው። እንደ ቡናው ንጹህ ነው ይበልህና ተቀበል" አለኝ። ስለዚህ ጋሼ፣ ቁልፉን መዳፌ ላይ ያድርጉልኝና እሷን ቃል ይበሉኝ። ለኔ ውል ማለት እሷ ናት።»

መዳፉን ዘረጋ።

ኃይለሚካኤል ቁልፉን ከፍ አደረገ። የዓለምዘርፍ ፊቷን ድምፃቸው ወደሚመጣበት አዙራ፣ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ቃሏ ቀላል ነበረች። ሠላሳ ዓመት በቀን አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ያላት ቃል ናት። አፉን ሲከፍት ግን የመጣለት የቴፒ መንገድ ቁልቁለት ነበር፤ ከኋላ ወንበር ላይ የተጋደመች፣ ፊቷን አይቶ የማያውቃት ሴት።

«ንጹህ አይደለችም» አለ።

የአሞጽ ፈገግታ ገና ፊቱ ላይ ነበር። «እንዴት?»

«ሆዷ በዝገት ተበልቷል። የኋላ እግሯ የታሰረበት ብረት የለም ማለት ይቻላል። ቁልቁለት አትችልም። ሰው አይጫንባትም።»

አሞጽ መሬት ላይ ተንበርክኮ አንገቱን ከመኪናዋ ሥር አስገባ። ቀና ሲል ግራ ገብቶታል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከኔ ጫማ ያበራል!»

«ሬንጅ ነው። እኔ ነኝ ያስቀባሁት።»

«ለምን?»

«እንዳታየው።»

«እና አሁን ለምን ይነግሩኛል?»

ኃይለሚካኤል የኋላውን በር ከፍቶ ምንጣፉን ጎተተ። ማስቲሹ ደህና አድርጎ ይዞታል። በሁለት እጁ ሲታገለው ከጥጉ ተቀደደ። ከሥሩ የሚታየው በሬንጅ የተሸፈነ ለስላሳ ቆርቆሮ ነው። ይትባረክ የሠራውን ሠርቷል።

«ከዚህ ሥር ቀዳዳ አለ። ካቻቢቴ አምጣና ውጋው።»

«የሰው መኪና ልውጋ?»

«ይትባረክን ጠይቀው።»

«ጠይቄዋለሁ!» አለ አሞጽ። ድምፁ ከፍ አለ። «ትናንት ደወልኩለት። "ጥሩ ናት" ነው ያለኝ።»

ያን ጊዜ ኃይለሚካኤል ደረት ኪሱን አስታወሰ። ወረቀቱን አውጥቶ ፈታውና ገለባውን አሞጽ መዳፍ ላይ አፈሰሰው። ከዚያ እንደ ጥንቱ ዝም ብሎ ቆሞ ጠበቀ። አሞጽ መዳፉን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ እንደገናም አስጠጋ።

«ገለባ ነው» አለ። «ደረቅ ገለባ።»

ኃይለሚካኤል ቆንጥሮ ራሱ አሸተተው። ሦስት ቀን ከሰውነቱ ጋር ተጠግቶ ደርቋል። ምንም አይሸትም።

አሞጽ ገለባውን መሬት ላይ ደፋና እጆቹን አራገፈ። «ማን ነው?» አለ።

«ማን ማለት?»

«ጨምሮ የሰጠዎት ሰው። ጨምር ቢሉኝ እኮ እጨምር ነበር ጋሼ። እንዲህ ከሚያሾፉብኝ።»

«ማንም አልመጣም። እውነቴን ነው የምነግርህ ልጄ።»

አሞጽ መኪናዋን አየ፤ የሚያበራውን በር፣ የታጠበውን ጎማ። ከዚያ ኃይለሚካኤልን አየው። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ለካ ሰዎቹ እውነታቸውን ነው» አለ። «የተሞኘው አባቴ ነው።»

የዓለምዘርፍን ተሰናብቶ ወጣ። የግቢውን በር ግን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

ኃይለሚካኤል መጥቶ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ቁልፉ አሁንም እጁ ውስጥ ነበር።

«ነገርከው» አለች የዓለምዘርፍ።

«ነገርኩት።»

«ሬንጁ ከትናንት ጀምሮ ሸትቶኛል። ምን ልታደርግ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ዝም አልኩ። የሰው ልጅ እንደሚጫንባት እያወቅሁ፣ ለዚች ለአንድ ዓይኔ ብዬ ዝም አልኩ።»

እሱ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም።

ለሁለት ሳምንት ስልክ በጮኸ ቁጥር አሞጽ ይመስለው ነበር። ሌሎች ሁለት ሰዎች መጡ፤ ለሁለቱም ከሰላምታው ቀድሞ ዝገቱን ነገራቸው፤ ሁለቱም ሻዩን ጠጥተው ሄዱ። በመጨረሻ መኪናዋን ወደ ይትባረክ ወሰዳትና «ፍታት» አለው። ሞተሯን የጅማ ሰው ወሰደው። በሮቿ በተራ በተራ ሄዱ። ጥር አምስት አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። ሳባ ሌላ ቀጠሮ ለየካቲት አገኘች። የተሰበሰበው ገንዘብ ለመሄጃ በቃ፤ ለቀሪው ሳባ ከመሥሪያ ቤቷ ብድር ጠየቀች። የዓለምዘርፍ ግራ ዓይኗ አሁን የሚለየው መስኮት የት እንዳለ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ይትባረክ «አሞጽ መጥቶ ነበር» አለው። የባጃጅ ዕቃ ፍለጋ ነው የመጣው። የተቆረጠው የመኪናዋ ወለል ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ሬንጁ ተልጦ በቀዳዳዎቹ ፀሐይ ታበራለች። አሞጽ ጠጋ ብሎ አየው። ጣቱን አንደኛው ቀዳዳ ውስጥ ከተተና አወጣው። «የማን ነው?» አለ። «የጋሼ ኃይሌ።» ዕቃውን ሳይወስድ ሄደ።

«ሌላ ምንም አላለም?»

«ምንም።»

ስልኩ ከዚያ በኋላም አልጮኸም። ሐሴት በሰላም ወንድ ልጅ መውለዷን ኃይለሚካኤል የሰማው ከባጃጅ ሾፌሮች ነው።

አውቶቡስ ሊሳፈሩ አንድ ቀን ሲቀራቸው ኃይለሚካኤል ጢሙን ሊላጭ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ፀጉር ቤት ሄደ። የዓለምዘርፍን ብቻዋን መተው ስላልፈለገ ክንዷን ይዞ አብሯት ገባ። ፀጉር አስተካካዩ ተነስቶ «እማማ እዚህ ይቀመጡ» ብሎ በግድግዳው በኩል ወዳለው የደንበኛ መጠበቂያ መራት። ኃይለሚካኤል ያየው እሷ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ጥቁር ቆዳ የለበሰ፣ ሰፊ፣ በእንጨት ሣጥን ላይ የተደላደለ የመኪና ወንበር። ሄዶ መስታወቱ ፊት ተቀመጠ።

ግማሽ ፊቱ ሳሙና ሆኖ በመስታወቱ ሲያያት፣ እጇ ወንበሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ጣቶቿ ሻካራ ስፌት አግኝተው፣ ተከትለውት ሄዱና ተመለሱ።

«ኃይሌ።»

«እ?»

«ወንበሩ የኛ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አነሳ። ኃይለሚካኤል በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ «አዎ» አለ።

«ጥሩ ወንበር ነበር።» ጣቷን ከስፌቱ ሳታነሳ፣ «ሥሩ ደረቅ ነው?» አለች።

ኃይለሚካኤል በአንገቱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ እንደያዘ ተነሳ። ጉልበቱን እየረገመ ወረደና እጁን ከወንበሩ ሥር እስከ ግድግዳው ድረስ ሰደደው። ሲሚንቶ ነው።

«ደረቅ ነው» አላት።

«እጅህን አምጣ።»

ሰጣት። የዓለምዘርፍ መዳፉን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችውና ራሷ አሸተተችው። ከዚያ ለቀቀችውና ወደ ኋላዋ ተደገፈች።